ከጥፋቱ የከበደ ቅጣት፦ ፍርድ ቤት ከሥራ መሰናበትን እንዴት ይመዝናል?

(በሓድነት በተደረገው የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ጥያቄ ይህ ነው። አንዲት ሠራተኛ አጥፍታለች ተብላ ከሥራ ስትሰናበት፣ ፍርድ ቤት «ጥፋቱስ አለ፤ ቅጣቱ ግን ከጥፋቱ በልጧል» ብሎ ስንብቱን ሊሽረው ይችላል ወይ? መልሱ «አንዳንዴ» ነው። መቼ ይችላል፣ መቼ አይችልም የሚለው የእንጀራ ጉዳይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በማኅበራችን ዘንድ ነገሩ የአንዲት ሴት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቁጠባውም የብድሩ ክፍያም የሚመጣው ከወር ደመወዝ ወይም ከዕለት ገቢ ነው። ደመወዝተኛዋ ድንገት ስትባረር በሚቀጥለው ወር የእሷን ድርሻ የሚሸፍኑት ዋስ የሆኑላት ጓደኞቿ ናቸው። እነሱም ከልጆቻቸው ጉሮሮ ነው የሚቀንሱት።

ከአንድ ቃል ልጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 «ያለማስጠንቀቂያ» የሥራ ውል ስለሚቋረጥበት ሁኔታ ይናገራል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «አስቀድሞ ሳይመክሩ፣ ወረቀት ሳይሰጡ ማባረር ይቻላል ማለት ነው» ብሎ ይረዳዋል። ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። አማርኛችን ለሁለት ነገር አንድ ቃል ይጠቀማል። አንደኛው ማስጠንቀቂያ «ይህን ጥፋት እንዳትደግሚ» የሚለው የተግሣጽ ደብዳቤ ነው። ሌላው ማስጠንቀቂያ «ውልሽ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይቋረጣል» የሚለው የቅድሚያ ማስታወቂያ ነው፤ ጊዜውም እንደ አገልግሎቱ ይለያያል። እስከ 1 ዓመት ላገለገለች 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለች 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ለሆናት 3 ወር። አንቀጽ 27 የሚያስቀረው ይህን ሁለተኛውን ነው። የተግሣጹን ደብዳቤ አላስቀረም፤ እንዲያውም በአንዳንዱ ጥፋት ላይ ግዴታ ያደርገዋል።

ማርፈድን እንይ። በአዋጁ መሠረት በማርፈድ ለመሰናበት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ ያስፈልጋል፤ ያም የሚሆነው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ነው። ከሥራ መቅረትም እንዲሁ ነው፦ በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ፣ ቀኖቹም በፈቃድ ሊሸፈኑ የማይችሉ ሲሆኑ። እዚህ ላይ ሕግ አውጪው ራሱ መዝኖ ጨርሷል። ዳኛው የሚጠየቀው «8 ጊዜ ማርፈድ ለስንብት ይበቃል ወይ?» ተብሎ አይደለም። የሚጠየቀው ቁጥሩ ስለመሙላቱና ደብዳቤው ስለመሰጠቱ ነው። ስለዚህ 6 ጊዜ አርፍዳ የተባረረች፣ ወይም 9 ጊዜ አርፍዳ አንድም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያልደረሳት ሴት ጠንካራ ክርክር አላት። 9 ጊዜ አርፍዳ ደብዳቤዎቹን ፈርማ የተቀበለች ግን «ልጅ አለኝ፣ ሁለት ትራንስፖርት እይዛለሁ» ብትል ዳኛው ሊያዝንላት ይችል ይሆናል፤ በሕጉ በኩል ብዙ የሚረዳት ነገር አታገኝም። ያን ምክንያት መናገር የነበረባት የመጀመሪያው ደብዳቤ ሲደርሳት ነው፤ በጽሑፍ።

ሁሉም ጥፋት ግን እንዲህ አይቆጠርም። በሥራ ቦታ ለሚነሳ አምባጓሮ ወይም ጠብ ተጠያቂ መሆንን በተመለከተ አዋጁ የጥፋቱ ክብደት እንዲታይ በግልጽ ያዛል። ሚዛኑ እዚህ ላይ በዳኛው እጅ ይገባል። እንበልና በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ሁለት ሠራተኞች በተራ ጉዳይ ተጨቃጨቁ። አንዷ ተሳደበች፣ ሌላዋ ገፈተረቻት፤ ሁለቱም ተባረሩ። ዳኛው ሊያየው የሚገባው ብዙ ነገር አለ። ማን ጀመረ? የተጎዳ ሰው አለ? እጅ ላይ ቢላዋ ወይም የፈላ ዘይት ነበር? እንግዶች ሰሙ? ከዚያ በፊት ስንት ዓመት ያለ ጠብ ሠሩ? ተመሳሳይ ጠብ የፈጠረ ወንድ ሠራተኛ በደብዳቤ ብቻ ታልፎ ነበር? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሴቶች እየረሱ ይመስለኛል። ለአንዱ ተግሣጽ፣ ለሌላዋ ስንብት ከሆነ፣ የቅጣቱን ሚዛን የሚያሳየው ያ ልዩነት ነው።

ከባዱ የንብረት ጉዳይ ነው። የአሠሪን ንብረት ወይም ገንዘብ ለራስ ወይም ለሌላ ሰው ያልተገባ ጥቅም ለማስገኘት አስቦ መውሰድ ለስንብት ያበቃል፤ ሕጉ የብሩን መጠን አልወሰነም። አንዲት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ቁርጥራጭ ጨርቅ በቦርሳዋ ይዛ ስትወጣ ተያዘች እንበል። ብዙዎቻችን የምንከራከረው «ዋጋው እኮ 20 ብር አይሞላም» ብለን ነው። ሰው ይራራ ይሆናል፤ ክርክሩ ግን ደካማ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ሐሳቧን ነውና ጠንካራው መንገድ በዚያ በኩል ያልፋል። ቁርጥራጩ የሚጣል ነበር? ተቆጣጣሪዋ ውሰዱ ትል ነበር? ሌሎች በግልጽ ሲወስዱ ኖረዋል? ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ የተፈጸመው ነገር ስርቆት መሆኑ ይቀራል፤ ጥፋቱ ራሱ ከሥሩ ይወድቃል። ደግሞም አጥፍታለች ባዩ አሠሪው ነው፤ የማስረዳቱም ሸክም የእሱ ነው።

አሁን ወደ ሌላ አገር ትንሽ ልሻገር፤ የእኛ ሕግ ምን እንደጎደለው የሚታየው ከጎረቤት ጋር ሲተያይ ነውና።

በደቡብ አፍሪካ ሲዱሞ የሚባል የጥበቃ ሠራተኛ ነበር። በሩስተንበርግ የፕላቲኒየም ማዕድን 15 ዓመት አገልግሏል። ሥራው ከቦታው የሚወጡትን ሰዎች መፈተሽ ነበር፤ በካሜራ ሲታይ በሥርዓቱ እንደማይፈትሽ ተረጋገጠና ተባረረ። ነገሩ መጀመሪያ የታየው በአገሪቱ የማስታረቅና የግልግል ኮሚሽን ነው። ኮሚሽነሩ አጥፍቷል፣ ነገር ግን ያታለለው ነገር የለም፣ ኪሳራም አልደረሰም፣ ስለዚህ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወደ ሥራው ይመለስ አለ። ኩባንያው እየተከራከረ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ወጣ፤ በመካከሉ አንዱ ፍርድ ቤት ለኩባንያው ፈረደለት። በመጨረሻ በ2007 እ.ኤ.አ. የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የኮሚሽነሩን ውሳኔ መለሰው። ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው መመዘኛ ለእኛም ትምህርት ነው። ቅጣቱ ፍትሐዊ መሆኑን የሚወስነው ገለልተኛው ኮሚሽነር ነው፤ «አሠሪው እንዲህ አምኗልና ይሁንለት» እያለ ለአሠሪው ሐሳብ ቅድሚያ መስጠት የለበትም። በላይ ያለው ፍርድ ቤት ደግሞ የሚመረምረው፣ ኮሚሽነሩ የደረሰበት ውሳኔ ማንም ምክንያታዊ ዳኛ ሊደርስበት የማይችል እንደሆነና እንዳልሆነ ብቻ ነው።

ሕንድ ሌላ መንገድ ሄዳለች። በ1971 እ.ኤ.አ. በያኔው የኢንዱስትሪ ክርክር ሕጓ ውስጥ አንቀጽ 11ሀ የሚባል ተጨምሮ፣ የሥራ ክርክር ዳኛ ስንብቱን ሽሮ በምትኩ ቀለል ያለ ቅጣት እንዲጥል ሥልጣን ሰጥቶታል። ለምሳሌ «ትመለስ፣ የደመወዝ ጭማሪዋ ግን ለጊዜው ይቆይ» ማለት ይችላል።

የእኛ አዋጅ ይህን መካከለኛ መንገድ በግልጽ አልሰጠም። ዳኛው ስንብቱ ሕጋዊ ነው ወይም ሕገ ወጥ ነው ይላል። የጥፋቱ ክብደት ግማሽ በግማሽ በሚሆንበት ጉዳይ፣ «ስንብት በዝቷል፣ የ10 ቀን ደመወዝ ትቀጣ» ብሎ የሚፈርድበት የተጻፈ አንቀጽ የለም። እኔ እንደማየው ይህ ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። ጥፋቱን ያየ ዳኛ ጥፋተኛዋን ሙሉ በሙሉ ነጻ ማውጣት ስለሚከብደው ወደ አሠሪው ያዘነብላል፤ የራራላት ዳኛ ደግሞ የተረጋገጠ ጥፋት እንዳልተረጋገጠ አድርጎ ለመጻፍ ይፈተናል። የሥራ ጉዳይ ያላቸው ድርጅቶች ስለ ሕግ ማሻሻል ሲያወሩ ይህችን ነጥብ ብትይዙልን ደስ ይለኛል፤ ይህን የምለው ለደጋፊዎቻችን ነው። ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 ጉዳዩን የሚያየው ገለልተኛ አካል የስንብቱን ምክንያት ብቻ ሳይሆን ሌሎቹንም የጉዳዩን ሁኔታዎች መርምሮ ስንብቱ ተገቢ ስለመሆኑ እንዲወስን ይጠይቃል። ሠራተኛዋ ከመሰናበቷ በፊት የመከላከል ዕድል እንዲሰጣትም ይላል። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ደግሞ ያጸደቅነው ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ጠበቆቻችን ይህን ስምምነት በችሎት ደጋግመው ቢያነሱት መልካም ነበር።

መመርመር ጭራሹን ሲከለከል ምን እንደሚመስልም አይተናል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች አስተዳደር ደንብ ቁጥር 155፣ በሙስና የተጠረጠረና እምነት የታጣበት ሠራተኛ በዋና ዳይሬክተሩ ውሳኔ እንዲሰናበት፣ በፍርድ አካል ውሳኔም ወደ ሥራ እንዳይመለስ ይደነግግ ነበር። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ስለ ቅጣት ሚዛን ማውራት ራሱ ትርጉም የለውም፤ ሚዛኑን የሚይዝ ሦስተኛ ሰው የለምና።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ስንብቱ ሕገ ወጥ ሲባል ምን ይገኛል? አንድም ወደ ሥራ መመለስ፣ አንድም ካሳ ነው። ከተመለሰች ውዝፍ ደመወዟ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 6 ወር፣ ይግባኝ ከታየ በኋላ ደግሞ እስከ 1 ዓመት ሊደርስ ይችላል። «እስከ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉ፤ ዳኛው ከዚያ ሊያሳንስ ይችላል። ጥፋቷ ለስንብት ባይበቃም ጥፋት መሆኑ የታየው ዳኛ፣ ሚዛኑን በጥቂቱም ቢሆን የሚያስተካክልበት ቦታ እዚህ ይመስለኛል። ግንኙነቱ ተበላሽቷል፣ አብሮ መሥራቱ ከባድ ችግር ያመጣል ከተባለ ግን እሷ መመለስ ብትፈልግም በካሳ ልትሸኝ ትችላለች። ካሳው የአማካይ ቀን ደመወዟ 180 እጥፍና የማስጠንቀቂያ ጊዜዋ ክፍያ ነው። በቀን 100 ብር የምታገኝ፣ 4 ዓመት የሠራች ሴት 18,000 ብር ካሳና የ2 ወር ደመወዝ ታገኛለች ማለት ነው። ይህ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለችውን አይመለከትም። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በዚያ ውስጥ ለሥራው ብቁ አይደለሽም የተባለች ያለ ካሳ ትሰናበታለች።

እንግዲህ ሕጉ ብዙ ቦታ ላይ ሚዛኑን ለዳኛው ካልሰጠ፣ ሚዛኑ ያለው የት ነው? በኅብረት ስምምነትና በሥራ ደንብ ውስጥ ነው። ይህን ነው ዛሬ ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ የምፈልገው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የቅጣት ደረጃ አለው፦ ከቃል ማስጠንቀቂያ ተነስቶ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ በደመወዝ ቅጣት፣ ከደረጃ ዝቅ በማድረግ አልፎ በመጨረሻ ስንብት ላይ ይደርሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን ለግል ድርጅቶች እንዲህ ያለ መሰላል አልሠራላቸውም፤ ተዋዋዮቹ እንዲሠሩት ትቶታል። ከዚያም በላይ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ሌሎች ጥፋቶችም ለስንብት እንዲያበቁ ሊጨመሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካዮች በድርድር ላይ ሳሉ ያንቀላፉባት አንዲት መስመር፣ ከ2 ዓመት በኋላ በችሎት ስትነበብ ሴቲቱን ታስወጣለች። «ስልክ ይዞ መግባት ለስንብት ያበቃል» ተብሎ ተስማምተው ፈርመው ከሆነ፣ ልጇ ታሞ ስልኳን የያዘችው እናት ለዳኛው ምን ትላለች? «ለመጀመሪያ ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለሁለተኛ ጊዜ የ3 ቀን ደመወዝ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስንብት» የሚል መስመር ካለ ግን፣ በአንዴ ተነስቶ ያባረራት አሠሪ የራሱን ቃል ጥሷል፤ ክርክሯም ቀላል ይሆንላታል። በየሥራ ቦታችሁ ማኅበር ካለ በድርድር ኮሚቴው ውስጥ ሴት እንድትገባ የምወተውተው ለዚህ ነው። ሰዓት አሳልፎ መምጣትና ልጅ ታሞ መቅረት በማን ላይ እንደሚበዛ የምታውቀው እሷ ናት።

ስለ ሴቶች ከተነሳ፣ አዋጁ ከነጭራሹ ለስንብት ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም ያላቸው ነገሮች አሉ። እርግዝና፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ የሠራተኛ ማኅበር አባልነት፣ በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በእነዚህ ምክንያት የተባረረች ሴት ጉዳይ የሚዛን ጉዳይ አይደለም፤ ስንብቱ ከመነሻው ሕገ ወጥ ነው፣ ወደ ሥራዋ የመመለስ መብቷም የጠነከረ ነው። በእርግዝና ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስም ልዩ ጥበቃ አላት፤ በዚያ ጊዜ ልትሰናበት የምትችለው ከእርግዝናዋና ከመውለዷ ጋር ባልተያያዘ፣ ሕጉ በዘረዘረው ምክንያት ብቻ ነው። ችግሩ እውነተኛውን ምክንያት በደብዳቤ የሚጽፍ አሠሪ አለመኖሩ ነው። ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ አቤት ያለች ሴት በሚቀጥለው ወር የምትባረረው «በማርፈድ» ነው። ያኔ ቀኖቹን መደርደር ያስፈልጋል። አቤቱታው መቼ ገባ? የመጀመሪያው የማርፈድ ደብዳቤ መቼ ተጻፈ? ከአቤቱታው በፊት ለ3 ዓመት አንድም ደብዳቤ ካልነበረ፣ ቀኑ ራሱ ይመሰክራል።

አሁን ከመቀመጫው አንዲት አደይ «የሰው ቤት የምትሠራዋስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄዎ ልክ ነው፣ አደይ፤ መልሱ ግን ደስ አይልም። ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረች፣ ማለትም የቤት ሠራተኛ፣ ከዚህ አዋጅ ውጭ ናት። ሁኔታዋ በተለየ ደንብ ይወሰናል ተብሎ ነው የተተወችው። እስከዚያው የሚገዛት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ እሱም ስለ ቤት ሠራተኛ የሚናገረው በጥቂት አንቀጾች ብቻ ነው። እስካሁን የነገርኳችሁ የ8 ጊዜም፣ የ180 ቀንም ነገር እሷን አይነካትም። ከመካከላችን ብዙዎች በዚህ ሥራ አልፈናልና ዝም ብዬ ማለፍ አልወደድኩም።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሸነፈው በጊዜ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሽማግሌ ልከን፣ ኃላፊውን ለምነን፣ «እስኪ ከበዓል በኋላ እናያለን» ተብለን 3 ወር ትሄዳለች። በአሠሪውም ላይ ጊዜ አለ፦ ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ፣ በዚያ ጥፋት ምክንያት ያለማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ይቀራል። አምና በታወቀ ጥፋት ዘንድሮ የተባረረች ሴት መጀመሪያ የምትጠይቀው ይህን ነው። ይርጋው ያለፈው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ክሱን ሊቀበል ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ከተወገደ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። እኛ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ 2 ዓመት በጦርነት ውስጥ ነበርን፤ ባንክና ስልክ ተዘግቶ፣ ብዙ ድርጅቶችም ሥራ አቁመው ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ሲፈረም የ10 ቀኑ ቆጠራ በማግስቱ ጀመረ ማለት ነው? ልጆቿን ፍለጋ ከመጠለያ መጠለያ የምትዞር እናት በ10 ቀን ውስጥ ክስ እንድትጽፍ መጠበቅ፣ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሕመምን ወይም ከአገር መራቅን እንጂ እንዲህ ያለ ጦርነት በአእምሯቸው እንዳልነበረ ያሳያል።

የራሳችንንም ደንብ ሳላነሳ ብቀር አድሎ ይሆናል። በማኅበራችን ደንብ ሦስት ስብሰባ በተከታታይ የቀረች አባል ትሰናበታለች ይላል። ምክንያቷን የምትናገርበት ቦታ የለውም፤ ከስንብት በፊት የሚቀድም ቀላል ቅጣትም የለም። ከድርጅት የምንጠይቀውን መሰላል በእኛም ደንብ ላይ ብንሠራው ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ሐሳብ ይሆናል፤ ጽፌዋለሁ፣ ለጸሐፊያችን እሰጣታለሁ።

በመጨረሻ ስለ ወረቀት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲሰጣችሁ አልቀበልም ብላችሁ አትሂዱ፤ ብዙዎች ፊርማ ጥፋትን ማመን ይመስላቸዋል። ተቀበሉ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ከፊርማችሁ ሥር «ደርሶኛል፣ በይዘቱ አልስማማም» ብላችሁ ጨምሩ፣ መልሳችሁንም በጽሑፍ አስገቡና በአንዱ ቅጂ ላይ የደረሰኝ ማኅተም አስመቱ። የሐኪም ማስረጃ በታመማችሁበት ቀን ያዙ። አስቸኳይና ከባድ ጉዳይ ሲገጥማችሁ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዳለ አትርሱ፤ ፈቃድ ተብሎ የተመዘገበ ቀን በቀሪነት አይቆጠርም። የስንብት ደብዳቤ ምክንያቱንና ቀኑን መግለጽ አለበት፤ በቃል ብቻ «ሂጂ» ከተባላችሁ ያንኑ ዕለት ምስክሮቻችሁን ስማቸውን ጽፋችሁ ያዙ። ለክሱ የዳኝነት ገንዘብ አይከፈልም፤ ገንዘብ የለኝም ብሎ መቅረት የለም።

ዛሬ የስንብት ወይም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በቦርሳችሁ ያለ፣ ከሻይ በኋላ በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ደብዳቤው ላይ ያለውን ቀን መጀመሪያ አሳዩኝ።